ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም አቁሞ ከቆመበት ማስቀጠል

ሌሊቱን ሙሉ የሚሰራ ነገር ለቃችሁ፣ በሉ የፓይተን ኮድ ሞዴል እያሰለጠነ፣ መሀል ላይ ማሽኑ ለሌላ ስራ ቢያስፈልጋችሁ ፕሮግራሙን መዝጋት የለባችሁም። ግን ማቆምና ሴቭ ማድረግ ይለያያሉ፣ የቆመ ፕሮግራም ያለው ራም ላይ ስለሆነ መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል።

1. ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ (ኮንትሮል ሲ እንዳትነኩ፣ እሱ ይዘጋዋል)። ፕሮግራሙ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ፕሮሰሰሩን ይለቃል፣ የያዘውን ራም ግን አይለቅም። ለማስቀጠል ኤፍጂ (fg) ብሎ መጻፍ ነው፣ ከጀርባ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቢጂ (bg)። ዊንዶውስ ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ከፍታችሁ ሲፒዩ የሚለው ውስጥ ፕሮግራሙን ራይት ክሊክ አድርጉና ሰስፔንድ ፕሮሰስ በሉት፣ ሪዚዩም ስትሉት ይቀጥላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚሰራ ፕሮግራም ከሆነ ብዙ አታቁሙት፣ ሰርቨሩ ጠብቆ ጠብቆ መስመሩን ይዘጋዋል።

2. ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በተርሚናል መግቢያ) ገብታችሁ ከሆነ የምትሰሩት መጀመሪያውኑ ቲመክስ (tmux፣ እናንተ ብትወጡም ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ አስጀምሩት። ኮንትሮል ቢ ከዛ ዲ ስትጫኑ እናንተ ትወጣላችሁ እሱ ይሰራል፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥም ግድ የለም፣ ተመልሳችሁ ቲመክስ አታች (tmux attach) ስትሉ እንደነበረ ታገኙታላችሁ።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ ኮዱ ራሱ ቼክፖይንት እንዲጽፍ አድርጉ። ሎፑ ውስጥ በየተወሰነ ጊዜው የደረሰበትን ፋይል ላይ ያስቀምጥ፣ ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ ፋይሉ አለ ወይ ብሎ ይይ፣ ካለ ከዛው ይቀጥል። በየስንት ደቂቃው? ቢጠፋ የማያናድዳችሁን ያህል ጊዜ አስቡና በሱ ወስኑ፣ በየሰከንዱ ከሆነ ስራውን ራሱን ያዘገየዋል። ሞዴል የምታሰለጥኑ ከሆነ የሞዴሉን ክብደቶች ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፣ የኦፕቲማይዘሩ (ክብደቶቹን የሚያስተካክለው ክፍል) ሁኔታ፣ የኢፖክ ቁጥሩ (ዳታውን ስንተኛ ዙር እያየው እንደሆነ)፣ የራንደም ጀነሬተሩም (የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው) ሁኔታ መቀመጥ አለበት፣ አለበለዚያ የሚቀጥል ይመስላል እንጂ ያው ስልጠና አይደለም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ አጻጻፉን ነው። አሮጌው ቼክፖይንት ላይ በቀጥታ አትጻፉ ምክንያቱም እየጻፈ እያለ መብራት ቢጠፋ አሮጌውም የለም አዲሱም ግማሽ ነው። እዛው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ይጻፍ፣ ኤፍሲንክ (os.fsync) ተደርጎ ዲስኩ ላይ መድረሱ ይረጋገጥ፣ ከዛ የፓይተኑ ኦኤስ ዶት ሪፕሌስ (os.replace) በአሮጌው ስም ይተካው፣ እንዲህ ከሆነ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ሙሉውን ይገኛል።

4. ትልቁን ስራ ከመልቀቃችሁ በፊት በትንሽ ዳታ ሞክሩት። አንዴ ሳይቋረጥ ጨርሱ፣ አንዴ ደግሞ መሀል ላይ ኪል ሰረዝ 9 (kill -9፣ በግድ የሚዘጋ ትእዛዝ) ብላችሁ ገድላችሁት እንደገና አስነሱትና ሁለቱን ውጤቶች አስተያዩ። ከተለያዩ ሴቭ ያላደረጋችሁት ነገር ሊኖር ይችላል፣ ምክንያቱን ሳታገኙ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትለቁት።