አሮጌ ሳንቲም ከማጠብዎ በፊት

ሰብሳቢ ዋጋ የሚሰጠው ሳንቲሙ በማሽን ተመትቶ ሲሠራ ላገኘው ገጽ ነው፤ እሱ ከተፋቀ አይመለስም። የጥርስ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ ከብር የተሠራ ሳንቲምን ይሞጫጭራሉ፤ መብራት ሥር ሲያዘነብሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይታያሉ። ኮምጣጤና ሎሚ ደግሞ የመዳብን ቡናማ ገጽ በልተው የማያምር ሮዝ መልክ ያወጡበታል። የብር ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ይተዉት።

አፈር ከያዘ በዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ በተጣራ ውሃ) ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ። የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ካዩ ግን ከፒቪሲ ፕላስቲክ መያዣ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱን ስለሚበላ መነሳት አለበት። በመስታወት ዕቃ ንጹህ አሴቶን የተባለ ማሟሟያ ፈሳሽ ቀድተው ለ5 ደቂቃ ይንከሩት (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይሆንም)። መስኮት ይክፈቱ፣ እሳት ያርቁ። ጠርዙን ይዘው ያውጡት፤ ሳይሹት በራሱ ይድረቅ።