ብቻዬን በብስክሌት ከፓሳው እስከ ቪየና፦ የዋዜማውን ፍርሃት እንዴት እንደያዝኩት

ሐምሌ 18 ሌሊት ነው። በጀርመን ጫፍ፣ ፓሳው ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ተኝቻለሁ፤ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ብስክሌቴ ታች ግቢው ውስጥ ተቆልፋለች። ቦርሳዎቼ በሩ ሥር ተደርድረዋል። ሲነጋ ብቻዬን ወደ ኦስትሪያ እሻገራለሁ። ከዚያ የዳኑብን ወንዝ ተከትዬ እስከ ቪየና፣ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሆዴ ባር ባር ይላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬን አንስቼ ወደ ሙኒክ የሚመልስ ባቡር መፈለግ ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን ለሚያይ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ያደረግኳቸው ነገሮች ናቸው ያንን ሌሊት ያሻገሩኝ።

ያደግኩት ባህር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ ሴቱም ወንዱም ይነዳል። እኔም በሰዓት እየተከራየሁ ነው የለመድኩት። አሁን ሙኒክ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ ሥራም የምሄደው በብስክሌት ነው። ስለዚህ መንዳቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ "ብቻዬን" የሚለው ቃል ነው። እናቴም በስልክ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ እሱኑ ያዘች። "ብቻሽን? ኧረ ልጄ፣ ብቻሽን?"

እጅ እና ልብ

ከመነሳቴ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማታ ወረቀት አወጣሁና የሚያስፈራኝን ሁሉ ጻፍኩ። 19 ነገር ሆነ። ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ "እጅ" ወይም "ልብ" እያልኩ ምልክት አደረግኩ። እጅ ያልኩት ቤቴ ሆኜ ከወዲሁ ላስተካክለው የምችለውን ነው። ልብ ያልኩት መንገዱ ላይ ካልሆነ የማይለቀውን። ጎማ ቢተነፍስ፣ እጅ። ፖሊስ ወረቀት ቢጠይቀኝ፣ እጅ። ማደሪያ ባጣ፣ እጅ። እራት ብቻዬን መብላት፣ ልብ። ሰው ቢያፈጥብኝ፣ ልብ። ቆጥሬ ስጨርስ 14ቱ የእጅ ሆኑ፤ የልቡ አምስት ብቻ። ስጋቱ ከፍ ብሎ የታየኝ ሁሉም ተደባልቆ ስለነበር ነው።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የእጁን በእጃችሁ ሥሩት። ማንበብ ወይም ቪዲዮ ማየት ብቻውን አይበቃም። የልቡን ግን አትከራከሩት፤ ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ።

ጎማ

አገር ቤት ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ ይኬዳል። ዳኑብ ዳር ግን ጎሚስታው እናንተው ናችሁ። እኔ የወጥ ቤቴ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ሦስት ማታ የኋላውን ጎማ አወጣሁ፣ መለስኩ። የፊተኛው ቀላል ነው። የኋላው ሰንሰለት ስላለበት መለማመድ ያለባችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ የኋላውን ማርሽ ወደ ትንሹ ጥርስ አምጡት፤ ጎማው ሲወጣም ሲገባም አያስቸግርም። የቀረውን አየር አስወጡ። በፕላስቲክ ማንሻ የውጩን ጎማ ጠርዝ ከቸርኬው ላይ አንሱና የውስጡን ጎማ ሳቡት። እዚህ ላይ አዲሱን ለመክተት አትቸኩሉ። የውጩን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። የወጋው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃችኋል። ከዚያ አዲሱን የውስጥ ጎማ ቅርጹን እንዲይዝ ትንሽ ብቻ ንፉና ክተቱት። ጠርዙን በአውራ ጣታችሁ እየገፋችሁ መልሱ። የውስጡ ጎማ በጠርዙና በቸርኬው መካከል አለመቆንጠጡን ዙሪያውን እዩ። ሙሉ በሙሉ መንፋት ከዚያ በኋላ ነው።

መንፊያውንም ቤት ውስጥ ሞክሩት። አየር መግቢያው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀጭኑ ፕሬስታ፣ የመኪና የሚመስለው ሽሬደር፣ ጀርመን ውስጥ ብዙ ብስክሌት ላይ የሚገኘው ዳንሎፕ። የያዛችሁት መንፊያ ከእናንተ ጎማ ጋር ካልገጠመ ሜዳ ላይ መቅረት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከማውትሃውዘን አልፌ ወደ ግራይን ስሄድ የኋላው ጎማ ቀስ በቀስ ተነፈሰ። ዛፍ ሥር ገብቼ ቦርሳዎቹን አወረድኩ፤ ብስክሌቷን ገለበጥኳት። ስዳስስ ጣቴን አንድ ሹል ነገር ነካኝ። የስንዴ ፍሬ የምታክል የጠርሙስ ስባሪ ናት። እሷን ሳላወጣ አዲሱን ብከት ኖሮ እሱም ወዲያው ይበሳ ነበር። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። እጄ እስከ ክንዴ ጠቁሯል፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ያን ሁሉ ቀን ስፈራው የኖርኩት ነገር ደርሶ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን በሌላ ዓይን አየሁት።

ወረቀት፣ ማደሪያ፣ ማምለጫ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁና በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ሁለቱንም ዋናውን ያዙ። ኮፒ አይበቃም። ፈቃዱ በሌሎች የሸንገን አገሮች ውስጥ ከማናቸውም 180 ቀናት በ90ው እንድትቆዩ ያስችላችኋል። ስሄድ ድንበሩን ያወቅኩት በሰሌዳ ብቻ ነው። ስትመለሱ ግን የጀርመን ፖሊስ ባቡር ላይ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከኦስትሪያ በኩል ቁጥጥሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የጀርመን የሕዝብ ጤና መድን ካርዳችሁን ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ ያለው የአውሮፓ ካርድ ኦስትሪያም ይሠራል። ለአደጋ ጊዜ 112 በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ማደሪያን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶችና የመጨረሻውን አስቀድሜ ያዝኩ። የመካከሉን ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ ነበር የማገኘው። በወንዙ ዳር ባሉ መንደሮች ብዙ ቤት በር ላይ "ዚመር ፍራይ" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ክፍል አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ብቻ ሰው ስለሚበዛ እሱን ቀድማችሁ ያዙ።

የቀን ጉዞዬን አሳጠርኩት። ፓሳው፣ ሽሎገን፣ ሊንዝ፣ ግራይን፣ ሜልክ፣ ክሬምስ፣ ቱልን፣ ቪየና። ሰባት ቀን፤ ረጅሙ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዙ ቁልቁል ስለሚወርድ መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ዩሮቬሎ 6 (EuroVelo 6) የሚል ምልክትም አለው። ለእኔ ትልቁ እፎይታ ግን የባቡር ጣቢያዎቹን በካርታ ላይ መክበቤ ነበር። ሊንዝ፣ ሜልክ፣ ክሬምስና ቱልን ላይ ጣቢያ አለ፤ ለብስክሌቷ ትኬት ቆርጦ መሳፈር ይቻላል። ከፓሳው እስከ ሊንዝ ግን በወንዙ ዳር የሚያዛልቅ ባቡር የለም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ቀን በ40 ኪሎ ሜትር ያቆምኩት። መውጫው የት እንዳለ ሳውቅ ልቤ ረጋ። አንዴም አልተጠቀምኩበትም።

ልምምድ

ይህን አትዝለሉት። ልትወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ አንድ ሌሊት ውጭ እደሩ። እኔ የኢዛርን ወንዝ ተከትዬ እስከ ፍራይዚንግ ሄጄ አድሬ ተመለስኩ። የጫነች ብስክሌት ፍሬን ስትይዙ ቶሎ እንደማትቆም፣ ስትነሱም መሪዋ እንደሚዋልል ያወቅኩት ያኔ ነው። ሦስት ልብስና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ። የሚገርመው፣ ፍራይዚንግ ላይም ሆዴ ባር ባር ብሎ ነበር፤ ከቤቴ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ ሳይሞላ! ያን ቀን ገባኝ። ፍርሃቱን ያመጣው ርቀቱ አይደለም፤ የብቻ የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

ስንቅና ስልክ

በሶ ያዙ። ከልቤ ነው የምላችሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ ቁንጣሪ ጨው፤ መጠጣት ብቻ ነው። ሆድ በጭንቀት ምግብ እምቢ ሲል በሶ ይወርዳል። በላስቲክ የቋጠርኩት ቆሎም እስከ ሜልክ አደረሰኝ። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው ዋካው ሸለቆ ስትደርሱ ደግሞ በሐምሌ አፕሪኮት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል።

ስልክን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ውል ገባን። በየቀኑ በኢትዮጵያ ሰዓት ማታ 2 ሰዓት እደውላለሁ። ካልደወልኩ ባትሪ አልቋል ወይም ኔትወርክ የለም ማለት ነው፤ እስከ ማግስቱ ረፋድ አትደንግጥም። ከዚያ ካለፈ ለሙኒኳ ጓደኛዬ ትደውላለች፤ እሷ ጋ የየቀኑ መድረሻዬ ዝርዝር አለ። ይህ ውል የቤተሰብን ጭንቀት ከትከሻችሁ ላይ ያወርደዋል። ግማሹ ፍርሃቴ የእናቴ ፍርሃት ነበር።

የልቡን ነገር

ሰው ያየኛል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ አዎ፣ ያያል። ጥቁር ሴት ብቻዋን ቦርሳ ጭና ስታልፍ አንዳንዱ ዞር ብሎ ያያል። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። በዚያ አገር ሰላምታው "ግሩስ ጎት" ነው፤ እግዚአብሔር ሰላም ይበላችሁ እንደማለት። ጤና ይስጥልኝ እያልን ላደግን ሰዎች አፍ ላይ አይከብድም። ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። አንድ ሽማግሌ ከግራይን በፊት አስቁመውኝ የትኛው ዳር ጥላ እንዳለው በከዘራቸው አሳዩኝ።

እራት ላይ በጊዜ፣ 12 ሰዓት ላይ ግቡ። ግድግዳ የተደገፈ ጠረጴዛ ያዙ። ደብተርና እስክሪብቶ ይኑራችሁ፤ የዋላችሁበትን ጻፉ። ስልክ ላይ አትደበቁ፤ ብቸኝነቱ ይብሳል። ሁለተኛው እራት ከመጀመሪያው ይቀልላል።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ባቡሩን አገኘሁት፤ ጠዋት የሚነሳ አለ። ግን ለራሴ አስቀድሜ ያወጣሁት ሕግ ነበር፦ ሌሊት አይወሰንም። ቁርስ በልቼ፣ 10 ኪሎ ሜትር ነድቼ፣ ከዚያ ብመለስ እመለሳለሁ። ስልኩን ገለበጥኩት። ባልተኛም ጋደም ብዬ አነጋሁ።

ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ሦስቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት ጫፍ ነው። ኢልዝ ጠቆር ብሎ ይመጣል፣ ኢን ገርጥቶ አረንጓዴ፣ ዳኑብ በመካከል። ወዲያው አይቀላቀሉም፤ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ። አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ያቋርጣል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወጣሁ።

10 ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ እንደተባለው ቆምኩ፤ በሶዬን ጠጣሁ። ሆዴን አዳመጥኩት፤ አሁንም ትንሽ ይላል፤ ግን እግሬ መሄድ ይፈልጋል። ሽሎገን ስደርስ ገና ቀን ነበር። ትንሿ ጀልባ ከወዲያ ማዶ ሁለት ብስክሌት ጭና ትመጣለች። ማታ በውላችን ሰዓት ደወልኩ። እናቴ "በገብርኤል ቀን የወጣ ምን ይሆናል" አለችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምን በላሽ?" ነበር። ቀጫጭን ተቆርጦ ሾርባ ውስጥ የገባ ፓንኬክ ነው አልኳት።

"ፍትፍት ነዋ!" አለች።