የተማሪዎች መገኘት መዝገብ ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሔው

ወር መጨረሻ ላይ ሬከርድ ክፍል (የተማሪዎች መዝገብ የሚያዝበት ቢሮ) ውስጥ የሚታየው የቁጥር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው ክፍል ውስጥ፣ ስም ሲጠራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን ምልክት ስታዩ የወሩን ማጠቃለያና የክፍሉን የስም መጥሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ማጠቃለያውን ብቻ ይዞ ስህተት መፈለግ ድካም ነው።

ምልክት፦ ክፍሉ ወሩን ሙሉ 100 በመቶ ተገኝቷል

ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ወር ሙሉ ማንም አይታመምም፣ ማንም ለቅሶ አይሄድም ማለት አይቻልም። መዝገቡን ገልጣችሁ ሦስት ነገር እዩ። የሃያ ቀኑ ምልክት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ግፊት ተሞልቷል? ትምህርት ባልነበረበት ቀን፣ ለምሳሌ መስከረም 17 መስቀል ላይ፣ «ተገኝቷል» የሚል ምልክት አለ? መልቀቂያ የወሰደ ተማሪ አሁንም በየቀኑ እየመጣ ነው? አንዱ እንኳ ከተገኘ መዝገቡ የተሞላው ወር መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይም መምህሩ ለክፍል አለቃው ሰጥተውታል፤ አለቃው ደግሞ ጓደኞቹን ቀሪ ብሎ መጻፍ ይከብደዋል።

መምህሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሰዓቱን አስሉ። አንድ ስም ጠርቶ መልስ ለመስማት 5 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 65 ስም 325 ሰከንድ ይወስዳል። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ በየቀኑ ይሄዳል ማለት ነው። ትምህርቱን የሚወድ መምህር ይህን ጊዜ ለመቆጠብ መጥሪያውን ቢተወው አይገርምም። መፍትሔው የመቀመጫ ካርታ ነው፦ ተማሪዎቹ ቋሚ ቦታ ይያዙ፣ የዴስኮቹ አቀማመጥ በአንድ ወረቀት ላይ ከነስማቸው ይሠራ፣ መምህሩ ባዶውን ቦታ ብቻ አይቶ ይጻፍ። ከ1 ደቂቃ አያልፍም። በየቀኑ ዓምድ ግርጌ የተገኙት ወንድ፣ ሴት፣ ድምር በቁጥር ተጽፎ ይፈረምበት። የተወሰኑ ክፍሎችን የሚከታተለው ዩኒት መሪ በወር ሁለት ጊዜ፣ ቀኑን ሳያሳውቅ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ገብቶ ራስ ይቁጠርና ከግርጌው ቁጥር ጋር ያስተያይ። የምገባ መርሐ ግብር ባለበት ትምህርት ቤት የዕለቱ የሳህን ቁጥር ሌላ ማመሳከሪያ ነው።

ምልክት፦ የክፍሉ መገኘት ያለ ምክንያት ወርዷል፤ መዝገቡ ላይ ባዶ ሳጥን በዝቷል

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይኼኛው ነው፤ ረጋ ብላችሁ እዩት። ባዶ ሳጥን ቢያንስ አምስት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ተማሪው ተገኝቷል (አንዳንድ መምህር ቀሪውን ብቻ ነው የሚጽፈው)፤ ተማሪው ቀርቷል፤ ተማሪው ገና አልተመዘገበም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር፤ ወይም መምህሩ ራሱ አልመጣም ነበርና ስም የጠራ ሰው የለም። ማጠቃለያ የሚሠራው ሰው አምስቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል።

በቁጥር እንየው። ጥቅምት 2017 ላይ ከሰኞ እስከ አርብ ያሉት ቀናት 21 ናቸው። አንድ ክፍል ወሩ ሲያልቅ 56 ተማሪ አለው። ከነዚህ ውስጥ 6ቱ የመጡት ዘግይተው፣ በ11ኛው የትምህርት ቀን ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው ሊገኙ የሚችሉት 11 ቀን ብቻ ነው። በወሩ በእውነት የተመዘገበው ቀሪ 70 ነው።

ትክክለኛው አካፋይ፦ 50 × 21 = 1050፣ ሲደመር 6 × 11 = 66፣ በድምሩ 1116 የተማሪ ቀን (አንድ ተማሪ በአንድ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር)። የተገኙት 1116 − 70 = 1046። 1046 ÷ 1116 = 93.7 በመቶ።

የተለመደው ስህተት፦ 56 × 21 = 1176 ተብሎ የ6ቱ ተማሪዎች 60 ባዶ ሳጥን እንደ ቀሪ ይቆጠራል። 1046 ÷ 1176 = 88.9 በመቶ። ምንም ሳይፈጠር 5 በመቶ ነጥብ ያህል ወረደ፤ ከዚያ የክፍል ኃላፊው መምህር ስብሰባ ላይ ስለሌለ ቀሪ ሲጠየቅ ይውላል። ተፈናቅለው የመጡ ልጆችን በዓመቱ አጋማሽ የሚቀበሉ የደሴ ትምህርት ቤቶች ላይ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይደርሳል። ልጆቹን የተቀበለው ትምህርት ቤት በቁጥር ይቀጣል።

ማስተካከያው አጭር ነው፤ መከተሉ ግን ጥብቅ መሆን አለበት። ባዶ ሳጥን አይፈቀድም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ምልክት ይጠቀም፦ ለተገኘ ነጥብ፣ ለቀሪ «ቀ»፣ በፈቃድ ለቀረ «ፈ»፣ ለዘገየ «ዘ»፣ ላልተመዘገበ ወይም ለለቀቀ ሰረዝ። ትምህርት ያልነበረበት ቀን ዓምዱ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሰረዝና ምክንያቱ ይጻፍበት። መምህር ባልመጣበት ቀን ዩኒት መሪው ይጥራ። የምልክቶቹ ትርጉም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ አዲስ መምህር በዓመቱ መሃል ሲመጣ ከራሱ የድሮ ትምህርት ቤት ልማድ ይዞ እንዳይገባ።

ምልክት፦ የትምህርት ቤቱ አማካይና የክፍሎቹ ቁጥር አይገጣጠምም

የክፍሎቹ ፐርሰንት ተደምሮ ለክፍሎቹ ብዛት ተካፍሏል። 70 ተማሪ ያለው ክፍል 88 በመቶ፣ 30 ተማሪ ያለው ክፍል 98 በመቶ ቢገኙ፣ የሁለቱ ፐርሰንት አማካይ 93 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 91 ነው፤ ትልቁ ክፍል ይከብዳልና። ፐርሰንት አትደምሩ። የተገኙበትን የተማሪ ቀን ከሁሉም ክፍል ደምሩ፣ ሊገኙበት የሚገባውን ደምሩ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አካፍሉ። ለወንድና ለሴት ለየብቻ ስትሠሩም እንደዚሁ።

ምልክት፦ አርብ ከሰዓት ፈረቃ ባዶ ይመስላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ክፍሉ ጎዶሎ ነው

ሁለቱም የሚመጡት ስም በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሚጠራ ነው። የጁምዓ ሶላት የሚውለው የከሰዓቱ ፈረቃ በሚጀምርበት ሰዓት አካባቢ ነው። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስም ከተጠራ፣ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ክፍል የሚመጣው ልጅ «ቀ» ተጽፎበት ይጠብቀዋል። በደሴም በኮምቦልቻም ይህ የጥቂት ልጆች ጉዳይ አይደለም። የአርብ ከሰዓት ጥሪ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይሁን፤ ወይም የአርቡ መርሐ ግብር ራሱ ይስተካከል።

በተቃራኒው የሚፎርፉ ተማሪዎች ስማቸው እስኪጠራ ጠብቀው ከእረፍት በኋላ ይጠፋሉ። ከ7ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች ከእረፍት በኋላ ሁለተኛ ጥሪ ያስፈልጋል። ሁለቱን ጥሪዎች በአንድ ሳጥን ለማስፈር ሳጥኑን በሰያፍ መስመር ለሁለት ክፈሉት፤ የላይኛው ጠዋት፣ የታችኛው ከእረፍት በኋላ። ሲጠቃለል ግማሽ ቀን እንደ 0.5 ይቆጠራል።

ሌላው በር ላይ የሚፈጠረው ነው። ጥበቃው በሩን ከዘጋ በኋላ የደረሰ ልጅ ወደ ቤቱ ከተመለሰ መዝገቡ ላይ ቀሪ ነው፤ እሱ ግን መጥቶ ነበር። ደሴ በጉም በተሸፈነችበት፣ ዝናብ በያዘበት ጠዋት የቀሪ ቁጥር ከጨመረ፣ በር ላይ የዘገዩ ተማሪዎች መዝገብ ይኑር፤ ልጁ ስሙን፣ ክፍሉንና ሰዓቱን አስመዝግቦ ይግባ። «ቀ» ተብሎ የተጻፈው አይፋቅም፤ ጎኑ ላይ «ዘ» ይጻፍና መምህሩ ይፈርምበት።

ምልክት፦ ኤክሴል ላይ የገባው መረጃ ቀኑ ይዘባረቃል፣ ቀሪው አይቆጠርም

ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 4/2/2017 ብላችሁ ጥቅምት 4ን ስታስገቡ፣ ቀንን በሚያስቀድም ቅንብር ፌብሩዋሪ 4፣ 2017 በፈረንጆቹ አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 4 ቀን 2017 ሰኞ ነበር፤ ኤክሴል ግን ቅዳሜ ነው ይላችኋል። በሳምንቱ ቀን የሚያጣራ ሰንጠረዥ ሁሉ በዚህ ይበላሻል። 30/2 ሲገባ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ምልክቱም ሌሎቹ ቀኖች ወደ ሴሉ ቀኝ ሲጠጉ እሱ ወደ ግራ መጠጋቱ ነው። ወሩን የሚያስቀድም ቅንብር ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ቀንና ወሩም ቦታ ይለዋወጣሉ። ቀኑን በአንድ ሴል አታስገቡ፦ ዕለት፣ ወር፣ ዓመት፣ የሳምንት ቀን በየራሳቸው ዓምድ፣ ወሩ በስሙ ተጽፎ።

«ቀ» ተጽፎ ካውንትኢፍ (COUNTIF፣ የኤክሴል የመቁጠሪያ ቀመር) ካልቆጠረው ከፊደሉ በኋላ ባዶ ቦታ አለ፣ ወይም ሌላ ጸሐፊ «ቅ» ወይም «ቀሪ» ብሎ አስገብቷል። ሴሎቹን ከተፈቀዱት ምልክቶች ውጭ እንዳይቀበሉ አድርጉ።

የስም ጉዳይም እዚሁ ይመጣል። ዓለም እና አለም፣ ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ሰዒድ እና ሰይድ፣ ሙሐመድ እና መሀመድ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። ወሎ ውስጥ ደግሞ በአንድ ክፍል ሦስት ተማሪ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ሊሆን ይችላል። የአያት ስም ግዴታ ይሁን፤ ማመሳከሪያው ግን ስሙ ሳይሆን የተማሪው መለያ ቁጥር ይሁን።

ምልክት፦ ያቋረጡ ተማሪዎች ቁጥር ትክክል አይመስልም

ለሳምንታት ያልታየ ልጅ ከመዝገብ ሳይወጣ ይቆያል፤ ወይም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሄደው «አቋረጠ» ይባላል። ትምህርት ቤት የሚደርሰው የድጋፍ በጀት በተማሪ ቁጥር ሲሰላ ስም ለመሰረዝ እጅ ይከብዳል፤ ሆኖም ያ ስም በየቀኑ ቀሪ እየተባለ የክፍሉን ቁጥር ይጎትታል። ቤተሰቡ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሥራ ሲዛወር፣ ልጁ ደሴ ላይ አቋራጭ፣ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ከመዝገብ ሲወጣ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበት ቀንና የወጣበት ምክንያት (መልቀቂያ ወስዷል፣ አቋርጧል፣ አይታወቅም)። «አይታወቅም» የሚለውን ምድብ አትፍሩት፤ በግምት «አቋረጠ» ከማለት የተሻለ መረጃ ነው። ተቀባዩ ትምህርት ቤት መልቀቂያው እንደደረሰው ለላኪው በስልክ ያረጋግጥ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የተሰጠው ትርጉም ግን የተሳሳተ ነው

ሁለት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው 50 ተማሪ፣ 80 የትምህርት ቀን፣ ሁለቱም 92 በመቶ። ማለትም እያንዳንዱ ክፍል በ4000 የተማሪ ቀን ውስጥ 320 ቀሪ አለው። አንደኛው ክፍል ውስጥ ሁሉም ተማሪ 6 ወይም 7 ቀን ቀርቷል። ሁለተኛው ውስጥ 40ው ሁለት ሁለት ቀን፣ 10ሩ ግን 24 ቀን ቀርተዋል፤ የትምህርቱን 30 በመቶ አጥተዋል። የመጀመሪያው ክፍል ምናልባት ጉንፋን ነው። የሁለተኛው 10 ልጆች ግን ከትምህርት ቤት እየወጡ ነው፣ አማካዩም ሸፍኗቸዋል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ሁልጊዜ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ፦ ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀሩ ተማሪዎች ስንት ናቸው? በተለያዩ አገሮች የከባድ ቀሪነት መለኪያ ይህ ነው። በ80 ቀን 8 ቀን ማለት ነው።

ቀጥሎ ቀሪውን በሳምንት ቀንና በወር ዘርዝሩት። ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚቀሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ካሉ፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩና ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ መሆናቸውን አጣሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከገጠሩ ጫፍ የሚመጡት ከቀሩ አዝመራ ነው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ በዙሪያው ያሉት ቀናት ይሳሳሉ፤ መስከረም ምዝገባ ገና ያላለቀበት ወርም ስለሆነ ብቻውን መለኪያ አይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ የማታ ተማሪው በሳምንት እየተፈራረቀ ከቀረ የፋብሪካው የሥራ ፈረቃ ነው፤ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ምንም አይፈይድም፣ ያለፈውን ትምህርት የሚያገኝበት ሰዓት እንጂ። ሴት ተማሪዎች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከቀሩ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃና የበሩን መቀርቀሪያ እዩ፤ ከሴት መምህርት ጋር ሆኖ መጠየቅ ይሻላል።

ዓመትን ከዓመት ስታወዳድሩ 2012ን እና 2014ን ለይታችሁ አስቀምጡ። በመጀመሪያው በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሁለተኛው ጦርነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ገብቶ ነበር። የተዘጋ ቀን ቀሪ አይደለም፣ ከአካፋዩም ይወጣል።

10 በመቶ የደረሰ ልጅ ስም ሲወጣ ስልክ የሚደውለው የክፍል ኃላፊው መምህር ይሁን፣ በዚያው ሳምንት። «ልጅዎ ለምን ትቀራለች?» ብሎ መጀመር ቤተሰቡን መከላከያ ውስጥ ያስገባዋል። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ልጅዎ ሰኞና ማክሰኞ አልመጣችም፣ ደኅና ናት ወይ?» ማለት እውነቱን ያመጣል። የተሰጠው ምክንያት ወላጅ በተናገሩት ቃል፣ ከነቀኑ፣ «ምክንያት» በሚል ዓምድ ይጻፍ፤ «የቤተሰብ ችግር» ብሎ ማሳጠር አይበቃም፤ «ታናሽ ወንድሟን የሚጠብቅ ሰው የለም» የሚለው ግን የፈረቃ ለውጥ ሊፈታው የሚችል ነገር ነው።