አኩሪ አተር እና የጡት ካንሰር፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በጨረሰች በሁለተኛው ወር ዐቢይ ጾም ገባ። አንዲት ጎረቤት «አኩሪ አተር ሆርሞን አለው፣ ካንሰሩን ይቀሰቅስብሻል» አለቻት። እህቴ የአኩሪ አተር ወተቱንም፣ ሽሮው ውስጥ የምንጨምረውን ዱቄትም በዚያው ቀን ተወች። 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፤ ያውም ሰውነቷ ገና ሳያገግም። እኔም ነገሩን አጥብቄ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ይመሳሰላል» እና «ያው ነው» የሚሉትን ማምታታት ነው። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቅርጻቸው ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ይመስላል። ብዙ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ደግሞ የሚያድጉት በኢስትሮጅን ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። ግን አይሶፍላቮን ኃይሉ ከሆርሞኑ እጅግ ያነሰ ነው። አንዳንዴም የሆርሞኑን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ሥራውን ይከለክለዋል።

ሁለተኛው፣ በአይጥ የታየውን በቀጥታ ወደ ሰው ማምጣት። የሰው የጡት ካንሰር ሴል የተተከለባቸው አይጦች ጄኒስቲን የተባለውን አይሶፍላቮን ሲመገቡ ዕጢው አድጎ ታይቷል። ወሬው የተስፋፋውም ከዚህ በኋላ ነው። የአይጥ ሰውነት ግን አይሶፍላቮንን የሚያስተናግደው እንደ ሰው አይደለም። በሰው ላይ የታየው ሌላ ነው። በቻይና ሻንጋይ የጡት ካንሰር ታክመው የነበሩ 5,042 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አኩሪ አተር አዘውትረው ከሚበሉት ይልቅ ሞትም የበሽታው መመለስም በብዛት የታየው ጥቂት በሚበሉት ላይ ነበር። ታሞክሲፈን የተባለውን፣ የኢስትሮጅንን ሥራ የሚያግድ የጡት ካንሰር መድኃኒት በሚወስዱትም፣ በማይወስዱትም ውጤቱ ይኸው ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበርም የአኩሪ አተር ምግብ ለሕሙማን ጭምር አያሰጋም ይላል።

ይህን ሰምቶ ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከላይ ያለው ጥናት ሰዎቹ ራሳቸው የመረጡትን አመጋገብ ነው የተከታተለው። አዘውትረው የሚበሉት በሌላም ነገር ይለዩ ይሆናል። አኩሪ አተር ካንሰር ያድናል ማለት አይደለም። በእሱ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ማቋረጥ ወይም ጡት ላይ የተገኘ እብጠትን ሳይታዩ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

ምግቡን እና ከአኩሪ አተር የሚሠራውን እንክብል አንድ አድርጎ ማየትም አለ። አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት ሌላ፣ አይሶፍላቮን ተጨምቆ የገባበት እንክብል ሌላ። ጥናቶቹ ያዩት ምግቡን ነው። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት እንክብሉን ሐኪሟን ሳታማክር ባትጀምር ይሻላል።

«ወንድን ያዳክማል» የሚባለውም በጥናት አልተደገፈም። በተለመደው መጠን ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን አይቀንስም።

የታይሮይድ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ ግን ልብ በሉ። አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያውክ ስለሚችል አብራችሁ አትውሰዱት፤ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ተራ የአኩሪ አተር ወተት የእናት ጡትን አይተካም።

የመጨረሻው የማድ ቤት ስህተት ነው፤ ጥሬውን መፍጨት። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፤ እሱን የሚያጠፋው እሳት ነው። እኛ ቤት ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ በደንብ ይቀቀላል፣ ልጣጩ ይወጣል፣ ደርቆ ይቆላና ይፈጫል። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለው። እህቴ ሐኪሟን ጠይቃ ከፈቀደላት በኋላ በፍልሰታ ጾም ዱቄቱን ራሷ ሽሮው ውስጥ ጨመረች።