ለስኩዊድ ፕሮክሲ የሊኑክስ ሰርቨርን ማስተካከል፤ ከዲስኩ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የምሠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የተማሪው ሁሉ ኢንተርኔት በአንድ ጠባብ መስመር ያልፋል፤ መሃል ላይ የቆመው ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነበት፣ 16 ጊጋባይት ራም ያለው የስኩዊድ ሰርቨር ነው። ስኩዊድ በተጠቃሚውና በድረ ገጹ መካከል ቆሞ ጥያቄ የሚያሳልፍ፣ የወረደውንም ፋይል ለቀጣዩ ጠያቂ የሚያስቀምጥ (ካሽ የሚያደርግ) ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ሲንቀራፈፍ አብዛኛው ባለሙያ ዲስኩን ይጠረጥራል፤ አዲስ ዲስክ ይገዛልንም ይላል። እኔ ዲስኩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ የፋይል ዴስክሪፕተሩን (ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ክፍት ግንኙነት ወይም ፋይል የሚሰጠውን መለያ) ብዛት እዩ። ስኩዊድ ከተጠቃሚው ጋር ለሚከፍተው ግንኙነት አንድ፣ ከድረ ገጹ ጋር ለሚከፍተው ሌላ አንድ ይወስዳል፤ ከዲስክ የሚያነበው ፋይል ሲኖር ደግሞ ይጨምራል። ሊኑክስ ካልተነካ በስተቀር ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቅደው 1024 ነው። ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉ ሲሞላ ይህ ወዲያው ያልቃል፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩም ራሙም ሥራ ፈትተው ገጹ አልከፈት ይላል። ስኩዊድን የሚያስነሳው ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከሆነ፣ በአገልግሎቱ ቅንብር ውስጥ «ሊሚት ኖ ፋይል» የሚለውን 65535 አድርጉ። ብዙ መመሪያዎች የሚጠቅሱት፣ በኢቲሲ ማውጫ ሥር ያለው የሊሚትስ ፋይል ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት አይሠራም። ስኩዊድን እንደገና አስነሱና የካሽ ሎጉን ክፈቱ፤ ስንት ዴስክሪፕተር እንዳገኘ ሲነሳ ይጽፋል። እዚያ አሁንም 1024 ከተጻፈ ወደ ሌላ ማስተካከያ አትለፉ።

ቀጥሎ ራም ነው። «ካሽ ሜም» የተባለው ቁጥር ራም ውስጥ ለሚቀመጡ ፋይሎች የሚመደበው ቦታ እንጂ የስኩዊድ ጠቅላላ ፍጆታ አይደለም። ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ ዲስክ ውስጥ ለሚቀመጥ ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ወደ 14 ሜጋባይት ራም ለኢንዴክሱ (ለተቀመጡት ፋይሎች ዝርዝር) ይሄዳል፤ 100 ጊጋባይት ካሽ ማለት 1.4 ጊጋባይት ራም ማለት ነው። እኔ ካሽ ሜምን 4 ጊጋባይት ላይ አቁሜዋለሁ። የተረፈው ባክኗል አትበሉ፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በቅርቡ የተነበቡ ፋይሎችን ያቆይበታል። ከርነሉ ከራም ወደ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ወዳለው የራም ምትክ) ለማውረድ ያለውን ዝንባሌ የሚወስነውን የስዋፒነስ ቁጥርንም ከ60 ወደ 10 አውርዱ። ኢንዴክሱ ወደ ስዋፕ ከወረደ ፕሮክሲውን ማጥፋት ይሻላል።

ወደ ውጭ ለሚወጡ ግንኙነቶች ከርነሉ የሚመድበው የፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ክልል ከ32768 እስከ 60999 ነው፤ የተዘጋ ግንኙነት ደግሞ ፖርቱን ለ60 ሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል። ጫና ካለባችሁ ክልሉን ከ15000 እስከ 65000 አስፉት። የተዘጋ ግንኙነት ፖርቱን ቶሎ እንዲለቅ ተብሎ ከየቦታው እየተገለበጠ የሚመጣውን «ቲሲፒ ቲደብልዩ ሪሳይክል» የተባለ ቅንብር ግን አትንኩት። ከአንድ ራውተር ጀርባ ያሉ ተጠቃሚዎችን ግንኙነት ያቋርጥ ስለነበር በ2017 ከወጣው ሊኑክስ 4.12 ጀምሮ ጭራሹን ተወግዷል። ዛሬም የሚመክሩት አሉ!

ዲስክ ላይ ነገሩ አጭር ነው፦ ሬይድ 5 (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ አደረጃጀት) አትጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን የካሽ ማውጫ ስጡ፣ ኖአታይም (ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ አይመዝገብ የሚል ምርጫ) ብላችሁ አያይዙት፣ ከመጠኑ 80 በመቶ በላይ አትሙሉት።

አብዛኛው ትራፊክ ዛሬ የተመሰጠረ በመሆኑ ስኩዊድ ያሳልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም። በደንብ የሚቀመጡት እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ጥቅሎች ያሉ፣ ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ የሚወርዱ ፋይሎች ናቸው። ስኩዊድ ግን ካልተነገረው ከ4 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አያስቀምጥም። የትልቁን ፋይል መጠን 512 ሜጋባይት አድርጉ፤ መስመሩንም ከካሽ ማውጫው መስመር በላይ ጻፉት፤ ከታች ከሆነ ላይሠራ ይችላል።