ስቴንቱ ገብቶም እብጠቱ ሲሞላ

ሽፍኑን ስቴንት፣ ማለትም ደም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፈውን ሽፋን ያለው የብረት መረብ፣ አስገባችሁ። ባሉኑን አስተነፈሳችሁ። ቀለም ስትረጩ ግን የውሻው አኑሪዝም (የደም ቅዳው እብጠት) ስክሪኑ ላይ መልሶ ጠቆረ። ባሉን ከማንሳታችሁ በፊት ቪዲዮውን ወደኋላ መልሱና መቼ እንደጠቆረ እዩ።

ስቴንት ገብቶም ወደ እብጠቱ የሚገባው ደም ፍሳሽ ይባላል፤ ዓይነቶቹም በቁጥር ይጠራሉ። ዘግይቶ፣ በጎን ቅርንጫፍ ዞሮ ከሞላ ሁለተኛው ዓይነት ፍሳሽ ነው። ዊሊያም ጀርመንና ብላክ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳዩት የሙከራ ሞዴል፣ ማለትም ከደም መልስ ቁራጭ ተሰፍቶ በአንገት ደም ቅዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት፣ ይሄ እምብዛም አይገጥምም። ከከረጢቱ የሚወጣ ቅርንጫፍ የለማ! ከስቴንቱ ወገብ ከተረጨ ሽፋኑ ተቀድዷል፤ ሌላ ሽፍን ስቴንት ውስጡ ይደረብ። ሽፋኑ ሁሉ ላብ ላብ ካለው፣ ደም እንዳይረጋ የተሰጠው የሄፓሪን ኃይል ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

እኔን ያማረረኝ አንደኛው ዓይነት ነው፤ በስቴንቱ ጫፍ ዙሪያ ሾልኮ ወዲያው የሚገባው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ቧንቧው ተኮማትሮ ሳለ ይለካል።

የውሻ ደም ቅዳ ኩርፊያ ያበዛል። ካቴተር (ውስጡ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሲነካው ይጨመደዳል። አንድ ጠዋት 3.5 ሚሊ ሜትር ለክተን 4 አስገባን። ፎቶው ንጹህ ነበር፣ ቡና ጠጣን። ስንመለስ ቧንቧው ላልቶ 4.5 ገደማ ሆኗል። ስቴንቱ አባቱ ጫማ ውስጥ እንደገባ የልጅ እግር ይዋልላል፤ በላይኛው ጫፍ ቀጭን ጥቁር ክር ወደ ከረጢቱ ይገባል። ያን ቀን ቡናው መረረኝ።

ስለዚህ ካቴተሩን ትንሽ ሳቡና ታገሡ። ካልላላ ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ግራም ናይትሮግሊሰሪን፣ ቧንቧ የሚያላላውን መድኃኒት፣ በቀስታ ስጡ፤ የደም ግፊቱን እያያችሁ። ከዚያ እንደገና ለኩ። ከቧንቧው 10 በመቶ ገደማ የሚሰፋ ስቴንት ምረጡ።

ፍሳሹ አሁኑኑ ፊታችሁ ካለ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ባሉን አስገብታችሁ ጫፉን መልሳችሁ ንፉ። መጀመሪያ ስቴንቱ እስከ ስንት እንደሚሰፋ ማሸጊያው ላይ አንብቡ። ባሉኑ ከስቴንቱ እንዳይወጣ! የወጣ ባሉን ቧንቧ ይቀድዳል። ካልዘጋ ሁለተኛ ስቴንት አነባብሩ። «ራሱ ይረጋል» የሚል አትስሙ፤ ሄፓሪን የወሰደ ደም በቀላሉ አይረጋም።

ሌላው የሚያናድደኝ ርዝመቱን በብረቱ ጫፍ የሚለካ ሰው ነው። አንዳንዱ ስቴንት ላይ ሽፋኑ ከብረቱ ቀድሞ ያልቃል። ብረቱ ከእብጠቱ አፍ አልፏል፣ ሽፋኑ ግን አልደረሰም። አንዴ የገዛነው ርካሽ ዕቃ ደግሞ ሽፋኑ ራሱ በአንድ በኩል ተንሸራቶ ነበር፤ ከእንስሳው ውጪ አንዱን ነፍተን ባናይ ኖሮ ውሻውን በከንቱ እንጎዳ ነበር።

አንገት ተወጥሮ የታየ ንጹህ ፎቶም አያስተማምን። የተዘረጋው ቧንቧ ቀጥ ይላል፤ አንገቱ ሲለቀቅ ይታጠፍና ጫፉ ከግድግዳው ሊላቀቅ ይችላል። አንገቱን ወደ ቦታው መልሳችሁ፣ ከሁለት አቅጣጫ የመጨረሻውን ፎቶ አንሱ። ጋይድዋየሩን (መሪ ሽቦውን) ከዚያ በፊት አታውጡ።