ቮልዩም ሲቀነስ ድምፁ ለሚታፈን ጊታር

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታራችሁ የቮልዩሙን ቁልፍ ከ10 ወደ 6 ስታወርዱት ድምፁ ከማነስ አልፎ የሚታፈን ከሆነ፣ ውድ ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ክፍል) ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ባለ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ቀጫጭን ድምፆችን የሚያሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሞክሩ። ከቁልፉ ሥር ያለው የቮልዩሙ ፖቴንሽዮሜትር (ቁልፉ ሲዞር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ የሚፈጥረው እንቅፋት፣ የሚለዋወጥ ዕቃ) ሦስት እግሮች አሉት፤ ካፓሲተሩ የሚያያዘው ከፒክአፑ የመጣው ሽቦ ባረፈበት እግርና ድምፁ በሚወጣበት መካከለኛው እግር መካከል ሲሆን፣ ከብረት ሽፋኑ ጋር የተገናኘው ሦስተኛው እግር የመሬት መስመር ስለሆነ አይነካም።

ቮልዩሙ ሲቀነስ በምልክቱ መንገድ ላይ የሚጨመረው ሬዚስታንስ፣ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ከሚይዘው የጊታር ገመድ ጋር ተዳምሮ ቀጫጭን ድምፆችን ያስቀራል፤ ካፓሲተሩ ግን ለእነዚሁ ድምፆች አቋራጭ መንገድ ይከፍትላቸዋል። ቮልዩሙ በጣም ሲወርድ ድምፁ ከልክ በላይ ከሳሳ፣ ባለ 150 ኪሎኦም ሬዚስተር ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን፣ በእነዚያው ሁለት እግሮች መካከል ጨምሩበት። የአሮጌ ጊታር ፖቴንሽዮሜትር እግሮች በተደጋጋሚ ሙቀት በቀላሉ ስለሚጎዱ፣ የሚስማማችሁን መጠን በመቆንጠጫ ሽቦ እየቀያየራችሁ በጆሯችሁ ከለያችሁ በኋላ ብቻ በየዱት፤ በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ የሚያረካው ይህ የማዳመጥ ክፍል ነው።

በባትሪ የሚሠራ ፒክአፕና ባለ 25 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር ያለው ጊታር ይህ አያስፈልገውም። ቮልዩሙን ሆን ብላችሁ ድምፁን ለማለስለስ የምትቀንሱም ከሆነ፣ ጊታሩን እንዳለ ተዉት።